ከዱአው በኋላ ያላስፈረምኩት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት 3፡00
ሦስተኛውን የካሳ አቤቱታ ጽፌ ጨረስኩ። ሁለቱ የባጃጅ ግጭት፣ አንዱ ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ። ጸሐፊዬ የወ/ሮ ዘሀራን መዝገብ አመጣች። የጨፋ ሮቢቷ ዘሀራ፣ የወፍጮው ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከረው የሞተር ቀበቶ፣ ቀኝ እጇን የቆረጠባት። ባለወፍጮው ትናንት ልኮባታል፦ ምንም አልሰጥም፣ ከፈለገች ትክሰሰኝ።

የሐኪም ማስረጃውን ገለጥኩ። ቀኑን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ዛሬ ከአደጋው ሁለት ዓመት ከአሥራ ሦስት ቀን። የጉዳት ካሳ ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ይህን የማያውቅ ጠበቃ የለም።



ያው ቀን፣ 10፡00
ማስታወሻዬ፣ አንተን እንኳ አልዋሽህም። አምና በሽማግሌ ተቀመጥን። ባለወፍጮው ጥፋቱን አመነ፣ አለቀሰም፤ ማሽላ ሲገባ እክሳለሁ አለ። ዱአ ተደረገ። ያኔ ማመኑን ጽፌ ባስፈርመው ይርጋው እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን ከዱአ በኋላ ፈርም ማለት ሽማግሌ መናቅ ነው። ደግሞ አንደኛው አዛውንት ትከሻዬን ቸብ አድርገው «አንተማ የኛው ልጅ ነህ» አሉኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሌላ አገር ወደ ከሚሴ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ያን ቃል ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቦርሳዬን ዘጋሁ። ነገሩ አልቋል ብዬ ቀኑን እንኳ አጀንዳዬ ላይ አላሰፈርኩም።

ማሽላው ገባ። ከረመዳን በኋላ አለ። ረመዳንም ወጣ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ቀላል መንገድ አለ። ክሱን ላስገባ። ተከሳሽ ካላነሳው ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም። ባለወፍጮው ግን ጠበቃ ይዟል አሉ፤ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ያንሳ! መዝገቡ ይዘጋ። ሕጉ ነው፣ ፍ/ቤቱ ነው እላታለሁ። ማን ያውቅብኛል?

ዘሀራ ደወለች። በኦሮምኛ አካም ብላ ጀመረች፣ ደህና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ፣ ሥራ። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልጠየቀችም። «አንተ ካለህልኝ እኔ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ዘጋች። ራሴን ጠላሁት። ከዚያ በማይረባ ነገር ጸሐፊዬ ላይ ጮህኩባት። እሷ ምን አጠፋች?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ጨፋ ሮቢት ደርሼ መጣሁ። የምለውን ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አጠናሁ፤ ደጇ ስደርስ ጠፋኝ። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ ደግፋ በግራ እጇ ማሽላ ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት። ቀኑን፣ ወረቀቱን፣ አዛውንቱ ያሉኝን። ከማሽላው ጠጠር ለቅማ ጣለች። ከዚያ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ፦

«ክብሩ ላንተ፣ ጉዳቱ ለኔ ሆነ በለኛ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፋቴ እኔን መክሰስ እንደምትችል ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ታዲያ ማን ይጽፍልኛል? እኔ እንደሁ ካንተ ሌላ ጠበቃ አላውቅ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ጠዋት 2፡30
በራሴ ላይ ራሴ ጠበቃ ልቆምላት አልችልም። ደሴ፣ በዓይን እንኳ የማላውቀው አንድ ጠበቃ ጋ ደወልኩ። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ለክሷ ማስረጃ እንዲሆናት ጥፋቴን በእጄ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ። ሳነበው «በሥራ ብዛት ምክንያት» የሚል ሾልኮ ገብቷል። ሰረዝኩት። በላዩ «ለመወደድ ስል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።