ከአልጋው ሥር የተኛው ወይን

ሲያትል፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ውድ ገመዳ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ አንተን ግን ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ ሠርጌ ነበር። ወይንህ ተከፈተ። ጣዕሙን እነግርሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼልህ ነበርና እሱን ልፈጽም ነው ብዕር ያነሣሁት። ግን ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ነገር ሆኗል፤ ታገሠኝ።

የእጮኛዬ የሮማነወርቅ የጉዞ ጉዳይ ካርቱም ላይ አለቀ የተባለ ሰሞን እኔ በደስታ የምሆነውን አጥቼ ነበር። አንተን ያስጨነቀህ ግን ሌላ ነው። "ሶ፣ ለሠርጉ ወይኑ ምንድን ነው?" አልከኝ። "አንተ ጴንጤ፣ የማትጠጣውን ምን አገባህ?" ብዬ ሳቅሁብህ። "ሥራዬ ነዋ" አልክ።

እውነትህን ነበር። ካፒቶል ሂል ባለው የፈረንሳይ ምግብ ቤት ያን ያህል ዘመን አስተናጋጅ ሆነህ አንዲት ጠብታ አልቀመስክም። አዲስ ወይን ሲመጣ ጓደኞችህ ይቀምሳሉ፤ አንተ ብርጭቆውን ታዞራለህ፣ አፍንጫህን ታስገባለህ፣ ዐይንህን ትጨፍናለህ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ትመልሳለህ። ቤት ውስጥ በወተት ብርጭቆ እያሳየኸኝ ስንት ቀን ሳቅን። "ፓስተራችሁ ይኼን አፍንጫ ያውቀዋል?" ስልህ ትቆጣ ነበር።

አንድ ቀን ዶሮ ወጥ በላስቲክ ዕቃ ይዘህ ለባለቤቱ ለሙሴ አንድሬ ወሰድክለት፤ ከዚህ ጋር የሚስማማ ወይን ምረጥልኝ ብለህ። ሰውዬው ግንባሩ በላብ እስኪጠመቅ በላና "ለዚህ እሳት ጣፋጭ ነጭ ነው የሚሆነው" ብሎ ያን ጠርሙስ ከጓዳ አውጥቶ ሰጠህ። ወረቀቱ ላይ ባለሁለት ግንብ ቤት ተሥሎበታል። ፈረንሳዮች ንጉሥ በነበራቸው ዘመን የተተከለ ርስት ነው፣ እስከ ዛሬ ልጅ ከአባቱ እየተረከበ ነው የሚይዘው ብለህ አስረዳኸኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ይዤ ባየው ወርቅማ ሆነብኝ። "ነጭ የሚሉት ይኼን ነው? ይኼማ ጠጅ ነው" አልኩህ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ልናቆመው ፈልጌ ነበር፣ እንግዳ እንዲያየው። እምቢ አልክ። "ውስኪ አይደለም፤ ብርሃን አይወድም። ቡሹ እንዳይደርቅ ደግሞ መተኛት አለበት" አልክና በግራጫው የአንገት ልብስህ ጠቅልለህ ከአልጋህ ሥር አስተኛኸው። "እኔ ሽታውን ብቻ ነው የማውቀው። አንተ ጠጣና ጣዕሙን ትነግረኛለህ፤ ፕሮሚስ?" አልከኝ። ፕሮሚስ አልኩህ።

ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወደቅህ። ልብህ ከልጅነትህ ጀምሮ የታመመ ነበር አለን ሐኪሙ። አንተ ታውቅ እንደሆነ ለእኔ አልነገርከኝም። በዚህ ነገር እስካሁን ተቀይሜሃለሁ።

ሌክ ሲቲ ያለችው አፓርታማችን የለቅሶ ቤት ሆነች። የእናንተም ቤተ ክርስቲያን ሰው መጣ፣ የእኛም። ለለቀስተኛ መቀመጫ እንዲሆን አልጋዎቹ ይነሡ ተባለ። ያንተን አልጋ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ከመጣው ከወንድም ዘመድኩን ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ስናነሣው፣ ጥቅልሉ ሰው መሀል ቁጭ ብሎ ታየ። ዘመድኩን ፈታው። ለቅሶው ቆመ።

"በልብስ ጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር" አለ በቀስታ። "ወንድማችን ለብቻው ይታገል ነበር ማለት ነው።"

"የእኔ የሠርግ ወይን ነው" አልኩ።

"ታዲያ ለምን ተደበቀ?"

"አልተደበቀም። የተኛው እንዳይበላሽ ነው።"

ይኼን ስናገር ለራሴም ጆሮ ውሸት መሰለኝ። እኔ ደግሞ የምጠጣ ሰው መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ማን ይመነኝ? ቡሹ እንኳ አልተነካም ብዬ ጠርሙሱን አሳየኋቸው። "ያልተነካው ይኼኛው ነው" አለ ዘመድኩን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አዝኖልህ ነበር። እኔን ያንገበገበኝም ይኼው ማዘኑ ነው።

ዐይኔ የነበረው ግን አክስትህ እትዬ ወርቅዬ ላይ ነው። ባላቸውን አረቄ እንደ ቀማቸው፣ አንተንም "ይኼን ነገር በአፍህ እንዳታደርግ" ብለው አስምለው እንዳሳደጉህ አንተው ነግረኸኛል። ተነሡ፣ ጠርሙሱን ከዘመድኩን እጅ ተቀበሉት፣ በአንገት ልብስህ መልሰው ጠቀለሉትና ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት።

ከዚያ ወሬው ተዛመተ። እዚሁ ሲያትል ሶዶ በሚሉት ሰፈር መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሳይቀር "ያ ጓደኛህ ይጠጣ ነበር አሉ" አለኝ፤ ልንደባደብ ምንም አልቀረን። አንተን ቀብሬ ስምህ እንዲህ ሲሆን ማየት አቃተኝ። እትዬ ወርቅዬን ደጋግሜ ኮል አደረግኩ። "አሁን አይደለም ልጄ" ብለው ይዘጉታል። ወይኑን እንደደፉት አልተጠራጠርኩም። ሮማነወርቅ ስትመጣም ያወራኋት ስለ ወይኑ ሳይሆን ስላንተ ነው፤ የማታውቅህን አለቀሰችልህ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ገና ሳይሞላ እትዬ ወርቅዬ ገቡ። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሠርግ አይመጣምና ደነገጥኩ። ከቦርሳቸው ግራጫውን ጥቅልል አወጡ።

"የወሰድኩት ልደፋው ነበር" አሉኝ። "ሲንኩ ጋ ቆሜ እጄ እምቢ አለኝ። እስኪ የሚሠራበትን ልየው ብዬ ባስ ይዤ ሄድኩ። ፈረንጁን 'ልጄ ይጠጣ ነበር ወይ?' አልኩት በዚችው እንግሊዝኛዬ። አፍንጫውን ያዘና 'ኦንሊ ኖዝ' አለኝ፣ በአፍንጫ ብቻ። ከዚያ ስለ ዶሮ ወጥ ሲነግረኝ አለቀሰ። ያን ወጥ የሠራሁለት እኔ ነበርኩ፤ ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ከረመ?"

"እሱ እንዳደረገው አስተኝቼው ነዋ። አልጋዬ ሥር።"

በዚያ ቤት ቢራ እንኳ ደጃፉን አልፎ አያውቅም።

ምሳ ሲቀርብ እትዬ ወርቅዬ ተነሥተው ቆሙ። ዘመድኩንም፣ ሌሎቹም ነበሩ። "ይኼ ልጄ ገመዳ ለጓደኛው ያስቀመጠለት ነው። ልጄ ጠጥቶ አያውቅም" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ዘመድኩን አንገቱን ደፋ፤ በኋላ መጥቶ የአንገት ልብስህን በሁለት እጁ አጥፎ ለእሳቸው ሰጣቸው።

እኔ ከፍቼ ቀዳሁ። እትዬ ወርቅዬ ብርጭቆዬን ተቀበሉኝ። አዞሩት፤ አልለመዱምና ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። አፍንጫቸውን አስገቡ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"እንዲህ ነበር አይደል የሚያደርገው?"

"አዎ እትዬ፣ እንዲሁ ነበር።"

"በል እንግዲህ፣ አንተ ጠጣው" ብለው መለሱልኝ።

ጠጣሁት ገመዳ። መጀመሪያ ማር ነው። ከማሩ ኋላ የብርቱካን ልጣጭ አለበት፣ መጨረሻው ትንሽ ይመራል። ከዶሮ ወጡ ጋር ተስማምቷል፤ ፈረንጁ አልተሳሳተም። ሽታውን ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጣዕሙ ይኼው ነው። አልተበላሸም፣ በደንብ ተኝቶ ነበር።

አንተም ደህና ተኛ።

ፕሮሚሱን የፈጸመው ወንድምህ፣
ኃይለ መስቀል