የመስኮቱ ብርድ ልብስ

ጥቅምት 6 ቀን 1977
ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሳስተምር ሳል ጉሮሮዬን ያዘኝ። ተማሪዎቹ ጠመኔው ነው ብለው አዘኑልኝ። ሳስበው ከሰኔ ጀምሮ ነው… ጠመኔ ክረምት ላይም ያስላል እንዴ?

ማታ እህት ጵርስቅላ ቤት። ጸሎት ቤታችንን ቀበሌው ካሸገው ወዲህ የምንሰበሰበው እሷ ሳሎን ነው። (ይህን መጻፌ ሞኝነት ነው። ግን የሆዴን ለማን ልናገር?) በሩ ይቆለፋል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይወተፋል። ወታፊው እኔ፤ መቀመጫዬም እዚያው ሥር። ጵርስቅላ ዝግ ባለ ድምፅ ስትዘምር ልጇን እኔ እይዝላታለሁ። ተገኘ ገና ጥርስ አላበቀለም። ስንት ዓመት ለምና ያገኘችው… እኔ ጋ ከሆነ አያለቅስም። ለቅሶውም ውጭ እንዲሰማ አንፈልግም።

"ወንድም ማቴዎስ፣ ሳሉ በረታብህ" አለችኝ ስወጣ።
"ጠመኔ ነው።"

ጥቅምት 17
ጤና ረዳቱ ወንዳፈረው አክታዬን መርምሮ ዛሬ ነገረኝ። የሳንባ ነቀርሳ።

"አትደንግጥ መምህር፣ ይድናል። መርፌው በየቀኑ ነው፤ ኪኒኑ ከዓመት በላይ። ሻል አለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ።" ከዚያ ጥያቄ። ጠባብ ቤት ውስጥ ከማን ጋር እቀመጣለሁ?
"ላጤ ነኝ። ብቻዬን።"
"ትንሽ ልጅስ? የምታቅፈው፣ የምትስመው?"
"የለም።"

ምን ልበል? ባለፈው እሁድ ወንዳፈረው ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ጠጅ ቤት ሲሳሳቁ አይቻለሁ። ልጅ አለ ካልኩት የማን ይለኛል። የማን እንደሆነ ብነግረው የት ይለኛል… ደግ አደረግኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 18
ለጵርስቅላ ጉንፋን ነው፣ እስኪለቀኝ አልመጣም አልኳት። ሳንባ ብል ሰው ኩባያውን ይለይብኛል። እንጸልይልሃለን አለች። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 9
ሳሉ ቀለለኝ። መቀመጫዬ ግን በመርፌ አልቋል፤ ቆሜ ነው የተማሪ ደብተር የማርመው። መቼም መዳን እንዲህ ከሆነ…

ጥር 3
ጵርስቅላ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ባሏ ለንግድ ጊምቢቹ ከተማ ሄዷል።

"ትኩሳቱ አልለቅ አለው። ወባ መስሎኝ የወባ ኪኒን ሰጠሁት። ዛሬ ጡትም እምቢ አለ።"

ከጀርባዋ አወረደችልኝ። ያ ድንቡሼ ልጅ አሁን ምንም አይከብድም። ዓይኑ እኔን አያይም። እጇን ይዤ በቀጥታ ወንዳፈረው ጋ።

"ይህን ልጅ አቅፈው ነበር" አልኩት። "እያሳለኝ።"
"ጠይቄህ ነበርኮ መምህር።"
"ፈርቼ ነው።"

ተነስቶ በሩን ዘጋው። "እዚያ ቤት እንደምትሰበሰቡ ግማሹ ከተማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው አክታችሁን እንጂ ስማችሁን አይደለም። ያኔ ብትነግረኝ ለዚህ ልጅ መከላከያ ኪኒን እሰጠው ነበር።"

ጵርስቅላ እዚያው ቆማለች። ሁሉንም ሰማች። ልጇን ከእጄ ወሰደች። ሆስፒታል አስገባናቸው።

ጥር 14
ተገኘን ቀበርነው። በሽታው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር አሉ።

ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው… "አለ" ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ብርድ እንዳይነካው እያልኩ ደረቴ ላይ እለጥፈው ነበር። በዚያ መስኮት በኩል ትንሽ ነፋስ እንኳ ገብቶ የሳሌን ትንፋሽ ጠርጎ እንዳያወጣ አድርጌ የምወትፈው ደግሞ እኔው። ለስንት ክፍል ስለ ነፋስ ያስተማርኩ ሰውዬ።

ከመቃብሩ ስንመለስ ጵርስቅላ አጠገቤ መጣች። "ጠመኔ ነው አልከኝ። አመንኩህ።"

የካቲት 2
ለሁሉም ነገርኳቸው። በሽታዬን፣ ውሸቴን። ኩባያውን የለየብኝ የለም። አንድ በአንድ ወንዳፈረው ጋ ሄደው አክታ ሰጡ። ሁለቱ ታመዋል፤ መርፌ ጀምረዋል። ወንዳፈረው ስማቸውን ለማንም አላነሳም። ሰውየው ላይ እንዴት ፈርጄበት ኖሯል!

የካቲት 17
ወንዳፈረው ካሁን ወዲህ አታስተላልፍም፣ ሂድ አለኝ። ሄድኩ። ለመግባት ጵርስቅላ በር ላይ ብዙ ቆምኩ።

ልማድ ሆኖብኝ ቀጥታ ወደ መስኮቱ። ብርድ ልብሱን አንስቼ ልወትፍ ስል ጵርስቅላ ከእጄ ተቀበለችኝ። አጣጠፈችው። ተቀመጥ አለችኝና፣ ልጁን ታቀብለኝ እንደነበረው አድርጋ ጭኔ ላይ አኖረችው። ከዚያ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች።

"ሰው ቢሰማስ?" አለ አንዱ።
"ይስማ። ልጄን የቀበርኩት ሰው እንዳይሰማ ብለን ነው።"

ዘመረች። በሙሉ ድምጿ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ሲሉ ይታየኛል። እኔ ብርድ ልብሱን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ከጨረሰችም በኋላ የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።