ሽማግሌዬ የምትለው ሰው

ጥቅምት 4
ግፊት 150 በ90። ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። "ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ አባባ" አለች። እሺ አልኳት። ግን ባዶው መስመር ብዙ ነው... ዝም ብሎ ይባክን?
ዛሬ ሌላ ነገር የለም። ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም። ሻይ አፍልቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩ። ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ጥቅምት 7
148 በ90። ሥራዋን ጠየቅኳት። ሐኪሞች የራጅ ፎቶ የሚያዩበት ፕሮግራም አለ አለች። ሠሪዎቹ በነፃ ለቀውታል። እሷ አሰናድታ፣ ጠቅልላ፣ ሰው ሁሉ በነፃ ከሚያወርድበት ትልቅ የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ ታስገባዋለች። ፓኬጅ ትለዋለች። ደመወዝ የለውም። በፈቃዷ ነው።
"ታዲያ ምኑ ነው ይሄን ያህል የፈጀብሽ?"
"ብቻውን አይቆምማ አባዬ! ስልሳ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው የተሸከሙት። አንዷ ከጎደለች አይነሳም።"
ይሄማ ይገባኛል። አርባ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ሞተሩ ሙሉ ሆኖ አንድ ኩሽኔታ ሲጎድል... ነገርኳት። "አዎ፣ ልክ እንደሱ!" ብላ ሳቀች። ደስ አለኝ። ስልሳ ሦስቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፋ ያለቀውን በቀይ ትሰርዛለች። የቀረችው አንድ ናት። ከታች፣ ጥጉ ላይ።

ጥቅምት 11
155 በ95። ተጣላን። የእናቷን የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር አንሳልኝ፣ ጠረጴዛዬን ብርሃን ላይ ላድርግ አለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አራት ዓመት እዚያው ያለውን። አላነሳም።
"እሺ ጨርቁን ገልጠን እንኳ እንየው..."
"እጅሽን እንዳታሳርፊ!"
"አባዬ፣ አንተ እኮ ድንጋይ ነህ!"
በሩን ድርግም።
ድንጋይ ልሁን። ያን ጨርቅ ያለበሰችው ሟቿ ናት፣ በእጇ። ማንም አይነካውም።

ጥቅምት 15
ከክፍሏ ጩኸት ሰማሁ። ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበቴ። "ሽማግሌዬ መልስ ጻፈልኝ!" ትላለች። የማን ሽማግሌ?
ጥጉ ላይ የቀረችውን ፕሮግራም የሠራ ሰውዬ ነው። ባሕር ማዶ ነው ያለው። ሰባ አራት ዓመቱ። እኔ ሰባ ስድስት ነኝ። እንግዲህ ሽማግሌ ከተፈለገ...
ሰውዬው ሥራው ላይ አንድ መስመር ጽፎበታል። ማንም ይጠቀምበት፣ ማንም ግን አይለውጠው። የስብስቡ ሕግ ደግሞ ሰው እንዲለውጠው ያልተፈቀደ ነገር አይገባም ይላል። "ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል አባዬ?" አለች። እውነቷን ነው። ግን አልነገርኳትም።
መስመሩን አንሳልኝ ብላ ሦስት ሳምንት ስትጽፍለት ከርማ የመጣው መልስ "አልችልም። ይቅርታ።" ነው። ለዚህ ነው እንዲያ የጮኸችው! እኔ በቀን ስንት ቃል እነግራታለሁ?

ጥቅምት 19
158 በ95። ምን ብለሽ ጻፍሽለት አልኳት። አነበበችልኝ። "ክቡር ሆይ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ጊዜ ይውሰዱ። እጠብቃለሁ።"
ጊዜ ይውሰዱ! እኔ እምቢ ስል ድንጋይ እባላለሁ። እሱ እምቢ ሲል አንቱ ይባላል። እኔን እንዲህ ለምናኝ ታውቃለች? አንድ ቀን?

ጥቅምት 22
አልለካሁም።

ጥቅምት 26
ጤና ጣቢያ። 165 በ100። "ምን ሆነው ነው አባባ?" አለች ነርሷ። ምንም አልኳት። ለሰው የሚነገር ነገር ነው?
በሩ ላይ ሰው ተደርድሯል። ክንዱን በጨርቅ ያሰረ፣ ደረቱን ይዞ የሚያስል... ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው የራጅ ማያ ፕሮግራም ፈቃዱ አልቆ ተቆልፎባቸዋል። ፎቶው ይነሳል፣ ሐኪሙ ግን ከፍቶ አያየውም። "የልጅዎን ነው የምንጠብቀው" አለችኝ። "ኅዳር 20 ስብስቡ ይዘጋል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት አዲስ ነገር አይቀበልም ብላናለች።"
ለእኔ አልነገረችኝም። ለነርሷ ነገረች። ለሰውዬውም ሳትነግረው አትቀርም።

ኅዳር 2
ዛሬም እምቢ አለ። ይህን ማንም አያየውም፣ የልቤን ልጻፍ... ደስ አለኝ። አበጀህ አልኩት በሆዴ። በእንዲህ ያለ ደስታ ክፍሏ ስገባ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላለች። አፈርኩ።
"ለምን እንደማያነሳው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?"
"ዛሬ ነገረኝ። ከሚስቱ ጋር ነው የጻፉት። ሞታለች። ግማሹ የእሷ ነው።"
ወጥቼ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጥኩ። አልነካሁትም።

ኅዳር 3
ነካሁት። ጨርቁን ገለጥኩ። ቺንጋው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መዘውሩ አልዞርም አለ፣ ዘይቱ እንደ ሙጫ ሆኗል። ስንት የሞተ ሞተር ያስነሳሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ... አራት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ይሄን ነው?

ኅዳር 5
"እኔ ልጻፍለት" አልኳት።
"ለማን?"
"ለሽማግሌሽ።"
"አባዬ፣ ልትሰድበው ነው አይደል?"
አልዋሽም፣ እርሳሱን ያነሳሁት በቅናት ነው። እሷ ስድስት ሳምንት የለመነችውን በአንድ ወረቀት ላንበረክከው ብዬ። ስጀምር ግን ሌላ ወጣ። ቅጂው ይሄ ነው።

"ሰውዬ። የልጅቱ አባት ነኝ። በሁለት ዓመት እበልጥሃለሁ። የእኔም ሚስት ሞታለች። የስፌት መኪና ነበራት። ማንም እንዳይነካው ብዬ አራት ዓመት ዘብ ቆምኩለት። ከትናንት ወዲያ ገልጬ አየሁት። ደርቋል። ያደረቀው የሰው እጅ አይደለም። እኔ ነኝ። መካኒክ ነኝ፣ ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። የሚስትህ ስም እላዩ ላይ ይቆይ። እሱን የሚፍቅ ካለ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ሌላውን ግን ልቀቀው። ልጄንም አታስለቅስብኝ።"

"ቃል እንዳትቀንሺ" ብዬ ሰጠኋት። አነበበች። አፏን በእጇ ያዘች። ተርጉማ ላከችው። አንቱ አድርገሽው ይሆን ስላት "አንተ ነው ያልኩት፣ እንዳልከው" አለች።

ኅዳር 9
160 በ95። መልስ የለም።

ኅዳር 12
መልስ የለም። እኔ አበላሸሁት? ወይኔ... "እመጣለሁ" ያልኩት ዛቻ መሰለው?

ኅዳር 15
መጣ! "አባዬ፣ ለአንተ ነው" አለች። ሙሉ ገጽ።
መስመሩን አንስቶታል። የሁለቱም ስም ይቆያል፣ የእሷ ከላይ። ሚስቴ ብትኖር "ገና ዱሮ ነግሬህ አልነበር?" ትለኝ ነበር ይላል። የቀረው ስለ ስፌት መኪናው ነው። መዘውሩ ዞረ ወይ? የደረቀውን ዘይት በምን ታጥበዋለህ? አባቱ ሰዓት ጠጋኝ ነበር አሉ።
አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አልሰጥ አለችኝ።
"ለእኔ በስንት ልመና ሁለት መስመር! ለአንተ ሙሉ ገጽ? ምን አስነካኸው?"
ፊቷን አየሁት። አውቀዋለሁ ያንን ፊት። ወር ሙሉ ስላጭ መስታወት ውስጥ ያየሁት ነው።

ኅዳር 19
142 በ88። ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ገባ። ስልሳ ሦስተኛዋን በቀይ ሰረዘች። መስመሩ ተንጋደደ።

ታኅሣሥ 12
135 በ85። ነርሷ ሁለቴ ለካችኝ፣ አላመነችም። በሩ ላይ የተደረደረ ሰው የለም። ሐኪሙ የአንዱን ሰውዬ ደረት ከፍቶ ሲያይ በበሩ መስታወት አየሁ። ልጄ ናት ያሰናዳችው አልኩ። ከዚያ "ስልሳ ሦስተኛዋ ላይ እኔም እጄ አለበት" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።
የስፌት መኪናውን ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩት። አዲስ ቺንጋ ገባለት። መዘውሩ በአንድ ጣት ይዞራል። እኔ ክፍል ነው ያለው። መስኮቱ ሥር የልጄ ጠረጴዛ ገብቷል። ትናንት የመኪናውን መሸፈኛ ጨርቅ ቅዳጅ ራሷ ሰፋችበት። ጠማማ ስፌት ነው። አልፈታሁባትም።
ለሽማግሌው እንድጽፍ ስልኬ ላይ የሚተረጉም ነገር ጭናልኛለች። አሁን ሳትጸጸት አልቀረችም።
"ዛሬ ደግሞ ምን አለህ?" አለች።
"በእኛ መሃል ነው።"
"አባዬ! እኔ እኮ ነኝ ያስተዋወቅኳችሁ!"
"ጊዜ ይውሰዱ" አልኳት።
በሩን ድርግም። ቆይታ ሻይ አምጥታ በሬ ላይ አስቀመጠች፣ ሰምቻለሁ። ስለ መዘውሩ ስጽፍለት ቀዘቀዘ።