የሦስት ሰዓቷ ስልክ

አብሮ አደጌ፣

የሄድኩበትን ሁሉ ስመጣ እነግርሻለሁ፤ ይህችን ብቻ ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት ለምኜ አንድ የድንበር ጠባቂዎች ቢሮ ገባሁልሽ። ድንበሩን የሚጋሩት ሁለቱ አገሮች በየፊናቸው ከኃያላን መንግሥታት መሣሪያ መሸመት ከጀመሩ ወዲህ ሹማምንቱ ተኳርፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ባለው አሮጌ ስልክ ግን በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከድንበሩ ማዶ ይደወላል። “ሰላም ነው?” “ሰላም ነው።” በቃ። ካልተደወለ ወታደሩ ሁሉ ምሽግ ይገባል።

ዛሬ ሦስት ሰዓት አለፈ። ስልክ ጠባቂዋ አሥር አለቃ ብትደውልም የሚያነሳ ጠፋ። አለቃዋ መቶ አለቃው ለበላይ ሊያሳውቅ ተነሳ።

“ጌታዬ፣ አምስት ደቂቃ ይታገሡኝ። የማዶው ሰውዬ ሰዓት አያዛንፍም፤ ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነው፤ ሰሞኑን ሹክ ብሎኛል” አለችው።

“መመሪያው ላይ ምጥ የሚባል ነገር የለም” አለ፤ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ሰዓቱን አያለሁ።

በአራተኛው ደቂቃ ስልኩ ጮኸ። “ሰላም ነው፤ ሴት ናት” አለ የሚያለከልክ ድምፅ። መቶ አለቃው ስልኩን ተቀብሎ፣ “እንኳን ደስ ያለህ፤ ነገ ግን በሰዓትህ ደውል” አለው። አሥር አለቃዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች፤ እኔም እስካሁን ደስ እንዳለኝ ነው።

አንቺና የአጥር ጎረቤትሽ በዚያች የውሃ ቦይ ከተኳረፋችሁ ስንት ወራችሁ? ቦዩን ሽማግሌ ይየው፤ አንቺ ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርሽ” በያት።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባልሽን ሰላም በይልኝ። ለጎረቤትሽም ሰላምታ አለኝ፤ የምታደርሺው አንቺው ነሽ።

ወሬኛሽ