አሥራ አንድ ጊዜ ምርመራ ያለፈችው ማርሚታ

ይድረስ ለክቡር የዓመታዊ ተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይህችን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ ወደ አስፋልቱ እየወጣሁ ስለሆነ፣ ሐሳቤ ቢቆራረጥብዎ ይቅር ይበሉኝ። የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት የተነሣ ነው።

ሚስባህ አብዱሰመድ እባላለሁ፤ መርሳ ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ አለኝ፤ በጋራዡም አንዲት ደህና ማርሚታ ነበረችኝ። ክቡርነትዎ የማርሚታን ሥራ ማወቅዎን ባልጠራጠርም፣ ባለሙያዎችዎ በሥራ ብዛት ረስተውት እንደሆነ በትሕትና ላስታውስ። ከሞተር የሚወጣው ጭስ እየፈነዳ ነው የሚመጣው። ማርሚታ በመኪናው ሆድ ሥር ተቀምጣ ያንን ጭስ በውስጧ ባሉት ክፍሎችና በተበሳሱ ቱቦዎች ታዞረዋለች፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ይደክማል፤ ጭሱም ከተሳፋሪው ርቆ በስተኋላ ይወጣል። ስትታመም ደግሞ አትደብቅም፦ በዝገት ከተበሳች መኪናው ያጓራል፣ የውስጥ ብረቷ ከተነቀለ ትንኳኳለች፣ ከተደፈነች ሞተሩ ዳገት ላይ ይለግማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭሱ ወደ ተሳፋሪው መግባቱ ነው፤ ሽታ የሌለው መርዝ አብሮት ይገባልና።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. የምርመራ ሰሞን ሲደርስ የመስመራችን ሾፌሮች ይህችን ማርሚታ እንደ ሰርግ ድስት ይዋሱኛል። ሚኒባሶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለሁሉም ትገጥማለች። እኔም ጎረቤት እንዳይቀየመኝ አስርላቸዋለሁ፤ አልፈው ሲመለሱ ፈትቼ ለባለተራው አስራለሁ። ዘንድሮ በአሥራ አንድ መኪና ሥር ሆና እናንተ ዘንድ ቀርባለች፤ አሥራ አንድ ጊዜም አልፋለች። በግራ ጎኗ ራሴ የበየድኩት፣ የመዳፍ ያህል ጠባሳ አለባት። ባለሙያዎ አንድ ጊዜ እንኳ የት ነው የማውቅሽ ብለው ስላላሳፈሯት እጅግ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ቅልጥፍናችሁም እንዲሁ። ወንዳወቅ የተባለው ሾፌር እንደነገረኝ፣ ባለሙያዎ በዚያ ሁሉ ቀን ጎንበስ ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ብዕራቸው ወድቆባቸው።

፫ኛ. ይኸኛው ምስጋና አይደለም። ልጄ ፈይሩዝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሐሙስ ለክትትል ወደ ወልድያ ስትሄድ በወንዳወቅ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማርሚታዋን ከዚያ መኪና የፈታሁት በዋዜማው ረቡዕ፣ በእነዚህ እጆቼ ነው። ማርሚታዋ ስትፈታ ክፍቱን የቀረው ቱቦ ጭሱን የሚተፋው ከወንበሯ ሥር ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ ተብሎም መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ገና ከመርሳ ሲወጡ ራሷን አመማት፤ ሲሪንቃ ላይ ራሷን ስታ በሰው ሸክም አወረዷት። ሐኪሙ ጭስ እንደሆነ ነገራት። ስለ ፅንሱ ስትጠይቀው ግን አይዞሽ አላላትም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ስትመለሺ እናየዋለን ነው ያላት። ልጄ የወቀሰችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባዬ፣ ማርሚታዋ አንድ ቀን ብታድርለት ምን ነበረበት አለችኝ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ አስፋልቱ የምወጣው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ከመርሳ ወልድያ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ሁሉ የእርስዎን ማኅተም ይዘዋል፤ ማርሚታ ግን አንዱም የለውም። እኔ ሠርቼ እንዳልሰጣቸው ጊዜው አይበቃኝም፣ እሷ እንዳትቀር ሐኪሙ ይጠብቃታል። ክቡር ሆይ፣ የቱ ላይ ላሳፍራት? ነገ አሥራ አንዱንም መልሰው ይጥሯቸውና አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ይበሉልኝ። ከእንግዲህ ለማንም ማዋስ እንዳልችል ማርሚታዋን ለሁለት ሰንጥቄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ውስጧን ለማየት መጎንበስ እንዳያስቸግርዎ በጠረጴዛዎ ላይ እንዲያስቀምጧት አደራ እላለሁ።

ዕድሜውን በመኪና ሥር ተንጋሎ ለኖረ ሰው በሚፈቀደው ትሕትና ሁሉ፣ ጆሮውን ከአስፋልቱ ሳይነቅል እጅ የሚነሣዎ፣

ሚስባህ አብዱሰመድ
የክቡርነትዎ አሥራ አንድ ማኅተሞች ተባባሪና የፈይሩዝ አባት
መርሳ፣ ሐብሩ

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ሳሽግ የመሥሪያ ቤትዎ የሠራተኞች ሰርቪስ ሾፌር ደርሰው፣ የምርመራ ተራቸው ሐሙስ ስለሆነ ማርሚታዋን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። ወደ ክቡርነትዎ እየመጣች መሆኗን ነግሬ ሸኝቻቸዋለሁ። ሁለት ግማሽ ስለሆነች፣ የትኛው እንደሚያሳልፋቸው እርስዎ ይምረጡላቸው።