ዝቅ ያለው ባንኮኒ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ፣ ትንሹ የልጅ ልጃችንስ እንዴት ናቸው? ትንሹ መናገር ጀመረ ብላ ልጃችን በስልክ ነግራኛለች። ከቃል ሁሉ "እምቢ" ማለትን አስቀድሞ ተማረ አሉ፤ በማን እንደወጣ አልጠይቅም። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሥራዬን አላቋረጥኩም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "እትዬ መቼ ነው የሚመለሱት?" ትለኛለች። እስካሁን የምታውቀው ልጅሽን ልታርሺ እንደሄድሽ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ "የምን አራስ ነው ይሄ?" አለማለቷ ጨዋነቷ ነው።

ስትሄጂ በሩ ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። "አሮጌዎቹን መጠጥ ቤቶች ዞረህ፣ ሳትጠጣ እንደገባህ የወጣህ ቀን ጻፍልኝ። ያን ቀን ሻንጣዬን አነሳለሁ" ነበር ያልሽው። ቤት ዘግቶ ተቀምጦ አለመጠጣትማ ድመትም ይችላል ብለሽ ጨመርሽበት። ስድብሽ እውነት ነበር። ከአምናው ኅዳር ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም፤ ግን በእነዚያ ቤቶች በር ማለፍ እንኳ ፈርቼ መንገድ አዞር ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ መልስ ምላጭን አስከትዬ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄን ታውቂው የለ፣ ምላሱ ከመሣሪያው ይልቅ ስለታም የሆነውን? ምስክር እንዲሆነኝ ነው የወሰድኩት። መንገድ ላይ "የሚጠጣ ሰው መጠጥ ቤት ሲወስደኝ ኖሯል፤ የማይጠጣ ሲወስደኝ ዛሬ ገና ነው" እያለ ሲያፌዝብኝ ደረስን።

መጀመሪያ የገባነው ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ቤት ነው። ባንኮኒውን የሠራው የአናጢነት ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው፤ እኔ ያኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልስለት ነበር። ጠርዙ በሰው ክርን ብዛት ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። እጄን አሳረፍኩበትና ደስ አለኝ። ቀጂው የለመድኩትን ሊቀዳ ጠርሙሱን ሲያነሳ "ለስላሳ ስጠኝ" አልኩት።

"ታመሃል እንዴ?"

"ድኛለሁ።"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ምላጭም "አይዟችሁ፣ የሱንም የኔንም እኔ እጠጣዋለሁ" ብሎ ቃሉን ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን እንደገባሁ ወጣሁ።

ሁለተኛው የመስታወቱ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ መስታወት የሆነው፣ አንዴ ቀይ ሹራብሽን ለብሰሽ ስትገቢ ስድስት ቦታ ያየሁሽ። ጭር ብሏል። ዳር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ። እዚያ ቤት የሠራሁትን ባንኮኒ በፕላስቲክ አልብሰውታል፣ ልክ እንደ ኩሽና ጠረጴዛ! ንዴቴን አልቻልኩም። እንጨቴ ከሥሩ መኖሩን ልይ ብዬ ጫፉን በጥፍሬ ስፈለቅቅ ቀጂው "አባት፣ ንብረት አያበላሹ!" ብሎ ጮኸብኝ። መስታወቱ ውስጥ አንድ የተቆጣ ሽማግሌ አየሁ። ሳልጠጣ እንዲህ ነው የምመስለው ለካ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ምላጭ በጣቱ "ሁለት" እያለ ያሳየኛል፤ ከኔ ይልቅ እሱ ኮርቷል።

ሦስተኛው ያንቺ ቤት ነው።

ካሸር ሆነሽ የተቀመጥሽበት ከፍ ያለ ወንበር የለም፤ እኔ የሠራሁት ባንኮኒ ግን እንዳለ ነው። እኛ ስንሠራ ሜትር የምናወጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰው እናቆማለን፣ ክርኑን ያጥፋል፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ እናሰምራለን፤ የባንኮኒ ቁመት እሱ ነው። ያን ቀን አስተናጋጁም፣ የቤቱ ጌታም አጠገቤ ቆመው ነበር። እኔ ግን አንቺን ነው ከወንበርሽ ያወረድኩሽ። ሙያዬን የረሳሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ተተክሎ ሲያልቅ ሰውዬው "ይሄ ለሕፃናት ነው የተሠራው?" ብሎ ያንባረቀብኝ ትዝ ይልሻል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህ ከተማ ረጃጅም ጠጪ ሁሉ ባንቺ ልክ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል።

ሽማግሌው ቀጂ አሁንም አለ፤ ዓይኑ ደክሟል። ሰላምም ሳይለኝ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። ለኔ ኮኛክ። በስተግራዬ፣ ጥግ ላይ፣ አንቺ በምትቆሚበት ቦታ፣ ሎሚ የተጣለበት ጋዝ ያለው ውሃ። ለሱ የተለመደው ይሄ ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው ቀድቶልን አያውቅማ። እጁን በፎጣው አደራርቆ ወደ በሩ አየ።

"ኋላ ቀረች እንዴ?" አለኝ።

"ትመጣለች" አልኩት።

የልጄ እናት፣ እንዴት እንደናፈቅሽኝ በዚያች ቃል ነው ያወቅኩት። እቤት ውስጥ ናፍቆትሽን ለምጄው ነበር። ማታ በሩን ሁለቴ የምቆልፈው አንቺ ስለምትወጂ ነው፣ ከአልጋው ያንቺን በኩል አልነካም፣ ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። እዚያ ግን ቦታሽ ተጠርጎ፣ መጠጥሽ ተቀድቶ፣ ሰው በሩን እያየ ሲጠብቅሽ አልቻልኩም። ኮኛኩን አንስቼ ባንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

በናፍቆትሽ አላሳብብም። ማንም አላስገደደኝም። አፌ ከዋሸ በኋላ እጄ ምን ይጠብቃል!

ምላጭ ባዶውን ብርጭቆ አየ።  ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አላየሁም" አለ። "ሞቼ እገኛለሁ አላየሁም። አንድ ብርጭቆ ምንድን ነው? አሥራ አንድ ወር ታግሰህ ባንዲት ጉንጭ ልታጣት ነው? ነገ ጻፍላት፣ እኔ እፈርማለሁ።" ቀጂው ሁለተኛ ሊቀዳልኝ ሲል ብርጭቆዬን ገለበጥኩት። ያንቺን ግን እስክንወጣ እንዳያነሳው ለመንኩት። አረፋው ጠፍቶ፣ ሎሚው ወደ ታች እስኪወርድ አጠገቡ ቆምኩ።

እሑድ ጻፍኩልሽ። "ሦስቱንም ቤቶች ዞርኩ፣ እንደገባሁ ወጣሁ" የሚል። ምላጭ ፈረመበት፤ አላምንም እንዳትል ብሎ የፀጉር ቤቱን ማኅተም ሳይቀር አምጥቶ መታበት። ያስፈራኝ ምን መሰለሽ?  ስጽፈው አንዲት ቃል እንኳ አልሰረዝኩም። ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አሽጌ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ ልወስደው ነበር። ማክሰኞም እንደዚያው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ትይ ነበር፤ ይሄኛው ግን እያደር ከበደኝ።

ብልከው ትመጪ ነበር። ይሄን አጥብቄ አውቃለሁ። ከባቡር ስትወርጂ፣ ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ስታቅፍሽ፣ መጋረጃው ቆሸሸ ብለሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ስታወርጂው፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውንም አየሁት። አንቺ እየሳቅሽ ስታወሪኝ እኔ ዓይንሽን መሸሽ ልጀምር ነው። "ያንገፈገፈኝ ጠርሙሱ አይደለም፤ ዓይን ዓይኔን እያየህ መዋሸትህ ነው" ብለሽኝ አልነበር? ዛሬ ጠዋት ፖስታውን ከነማኅተሙ ቀደድኩት። ምላጭ ሰምቶ "ጅል!" ብሎኝ ሄዷል፤ ሲበርድለት ይመለሳል።

ስለዚህ ሻንጣሽን አታንሺ። የጠየቅሽኝ ደብዳቤ ይሄ አይደለም፤ እሱን ገና አልጻፍኩትም፣ መቼ እንደምጽፈውም አላውቅም። ከቅዳሜ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ።

ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ልጃችንን አባትሽ ይመርቅሻል በያት፤ ትንሹ ወልዶ ለማየት ያብቃት፣ ደጇ አይዘጋ። አንቺንም ፈጣሪ በጤና ያቆይሽ፤ እንቅልፍ አይንሳሽ፤ እኔ የነሳሁሽ ይበቃል። ባልሽ ብዬ ልፈርም ወይስ አልፈርም ብዬ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ፤ ይኸው ፈርሜያለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። እያመሸሁ ስመጣ በሩን ከፍተሽ "ጠጥተሃል?" ትይኝ ነበር። ሁሌም "አልጠጣሁም" ነበር መልሴ።

ጠጥቼ ነበር። ሁሌም ጠጥቼ ነበር።

ባልሽ