ያልደረቀው ባንዲራ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? «ደህና ነኝ» እንደምትዪ ስለማውቅ አስቀድሜ ባለሱቁን በስልክ ጠይቄዋለሁ፤ በምርኩዝ መሄድ መጀመርሽን ነግሮኛል። ከኔ ተደብቀሽ የት ልትደርሺ ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ጉድ አግኝቼ ነው። ሙዚየማችን ለነፃነት በዓል አዲስ ክፍል ይከፍታል። ባለፈው ማክሰኞ አለቃዬ የቆርቆሮ ሣጥን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ አባትሽ ከምሰሶው ላይ ቀዶ የጣለው የገዢዎቹ ባንዲራ ይኸው፣ ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ካንቺ የተሻለ የሚጽፍ የለም አለኝ። ኩራቴን አትጠይቂኝ። በየትምህርት ቤቱ የሚተረከው የአባዬ ታሪክ እጄ ገባ ብዬ ጓንቴን አጥልቄ ዘረጋሁት።

እማዬ፣ አንድም ቦታ አልተቀደደም። የገመዱ ቀዳዳዎች እንኳ ደህና ናቸው። ጨርቁ ግን ሳይለቀለቅ ሳሙናው ደርቆበት እንጨት ሆኗል። ጥጉን ገልበጥ ሳደርገው ሦስት የቀይ ክር ስፌት አየሁ። ያኔ የሰው ልብስ እያጠብሽ ስታድሪ፣ የየቤቱ ልብስ እንዳይቀላቀልብሽ ለገዢው ቤት ያወጣሽው ያንቺ ምልክት ነው። ሳሙና ያልለቀቀ መሀረብ ስታይ ራስሽን የሚያምሽ ሴት፣ ያንን ጨርቅ እንዴት እንደዚያ ተውሽው?

ሣጥኑ ውስጥ፣ ከባንዲራው ሥር፣ የገዢዎቹ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ነበር። አስተርጓሚያችን የዚያን ማለዳ ገጽ አነበበልኝ፤ ባንዲራው ዛሬ አልተሰቀለም፣ አጣቢዋ አልደረቀም አለች ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ዕንባዬ መጣ። ብርድ ልብስ በአንድ ሰዓት በሚደርቅበት በጋ አልደረቀም? ስትዋሺ እንኳ አያምርብሽም።

ለካ ገዢዎቹ ያን ቀን ገና ከአገር አልወጡም ነበር። የመውጫቸውን ቀን ዛሬ ነገ እያሉ ሲያጓትቱ ሕዝቡ ባዶውን ምሰሶ አየና ለቀው ሄዱ ብሎ አደባባዩን ሞላው። ያን ሁሉ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል? አባዬ የኛን ባንዲራ ይዞ ምሰሶው ላይ የወጣው ያኔ ነው። መስቀሉንስ ሰቅሏል፤ መቅደዱን ሰው ነው የጨመረለት። እሱ ራሱ ቀደድኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሲጠይቁት ወዳንቺ ዞሮ ፈገግ ይል ነበር። ቢደርሱብሽስ ኖሮ? እኔን አርግዘሽ አምስተኛ ወርሽ ነበር። ይህን ሳስብ ተናደድኩብሽ፤ ወዲያው ደግሞ አቅፌሽ ባለቀስኩ አልኩ።

አለቃዬ ጉዳዩን ስነግረው፣ የጀግና ሐውልት አይነካካም፣ ለማንኛውም እናትሽን ጠይቂ አለኝ። ብጠይቅሽ «ተይው ልጄ፣ የሞተ ሰው ስም አይነካ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳልጠይቅሽ ወሰንኩ።

ያስወሰነኝ ደግሞ አባዬ ነው። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ከሰልፍ ሲመለስ ሜዳሊያውን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የቤቱን ልብስ ሁሉ ሲያጥብ ትዝ ይልሻል? አንቺን ውሃ አያስነካሽም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ጀግናው የሚስቱን ቀሚስ ያጥባል እያለ ሲስቅ እኔ በኀፍረት ጓዳ እገባ ነበር። አንቺ በር ላይ ተቀምጠሽ «ሳሙናው አልለቀቀም» ትዪዋለሽ፤ ከዚያ ሁለታችሁም ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቃላችሁ። ምኑ እንደሚያስቅ አይገባኝም ነበር።

ጽሑፉን ትናንት ከመስታወቱ ሥር አኖርኩት፦ «በነፃነት ቀን ማለዳ ሳይሰቀል የቀረ ባንዲራ። አጣቢዋ አልደረቀም ብላለች።» ስምሽን አልጻፍኩም። ጥጉን ግን ሦስቱ ቀይ ስፌቶች እንዲታዩ ገልብጬዋለሁ።

ለበዓሉ እመጣለሁ። አባዬ ካረፈ ወዲህ በዚያ ቀን ልብሱን ማን እንደሚያጥብልሽ ጠይቄሽ አላውቅም። እስክመጣ አጠራቅሚልኝ፣ እጅሽንም ውሃ እንዳታስነኪ። አንቺ ወንበርሽን በር ላይ አውጥተሽ ሳሙናው መልቀቅ አለመልቀቁን ብቻ ትነግሪኛለሽ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ያን ማለዳ ስትዋሺ በሆድሽ የነበርኩት፣
ልጅሽ